ቺንጋው ወደ ሞተሩ፣ ጊሩ ወደ ክንዱ

«ይሄንን በቺንጋ እናድርገው ወይስ በጊር?» የሚለው ክርክር በየሮቦት ቡድኑ በየዓመቱ ይነሳል። አንዱ ጊር ይጮሃል ይላል፣ ሌላው ቺንጋ ይዘላል ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ስለሆነ ማንም አይረታም፤ በመጨረሻ መሳቢያ ውስጥ የተገኘው ዕቃ ይወስናል። እኔ ግን ከሁሉ በፊት የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ ከሞተሩ ስንተኛው ደረጃ ላይ ነው የሚገባው? ይህ ከታወቀ ክርክሩ ግማሽ መንገድ አልቋል።

በቁጥር እንየው። አንድ ክንድ ጫፉ ላይ ከያዘው ዕቃ ጋር 1.5 ኪሎ ይሸከማል፤ ከመዞሪያው እስከ ጫፉ 40 ሳንቲ ሜትር ነው። የክንዱን የራሱን ክብደት ለጊዜው እንርሳው። ክንዱ አግድም ሲዘረጋ መዞሪያው ላይ የሚያርፈው ቶርክ (የማዞር ኃይል) 1.5 × 9.81 × 0.4፣ ማለትም 5.9 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። ሞተሩ በደቂቃ 312 ዙር የሚዞረው የጎቢልዳ ኩባንያ የሎው ጃኬት ነው እንበል። ተጨንቆ እስኪቆም ድረስ 24.3 ኪሎ ግራም ሳንቲ ሜትር ይሰጣል፤ ወደ 2.4 ኒውተን ሜትር መሆኑ ነው። ሞተርን ከዚህ ጉልበቱ ሩብ አልፎ ለረጅም ጊዜ ማስጨነቅ ሙቀት መጥራት ስለሆነ በ0.6 እንወሰን። 5.9ን ለ0.6 ስናካፍል 10 ለ 1 ቅነሳ (ሞተሩ 10 ሲዞር ክንዱ 1 የሚዞርበት) ያስፈልገናል ማለት ነው። በዚህ ጭነት ሞተሩ 234 ዙር አካባቢ፣ ክንዱ 23 ዙር አካባቢ ይዞራሉ፤ ክንዱ ሩብ ዙር ለመነሳት ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። ለውድድር ጥሩ ፍጥነት ነው።

አሥሩን በሁለት ደረጃ እንከፍለዋለን፤ 2 ለ 1 እና 5 ለ 1። የ2 ለ 1ን ደረጃ ባለ 20 እና ባለ 40 ጥርስ ፑሊ ባለው፣ ኤችቲዲ 5 በሚባል ባለ ጥርስ ቺንጋ እንሠራው። (5ቱ ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት በሚሊ ሜትር ነው።) ባለ 40ው ፑሊ ሬዲየሱ 31.8 ሚሊ ሜትር ነው። ቺንጋው ላይ የሚመጣው ኃይል ቶርኩ ለሬዲየሱ ሲካፈል የሚገኘው ነው። ቺንጋውን መጨረሻ ላይ፣ ክንዱ ሥር ካስቀመጣችሁት 5.9 ለ0.0318 ተካፍሎ 185 ኒውተን ይመጣል። ያንኑ ቺንጋ፣ ያንኑ ሁለት ፑሊ፣ ሞተሩ ሥር ካደረጋችሁት ግን ቶርኩ ገና በ5 ለ 1ው ደረጃ ስላልበዛ 37 ኒውተን ብቻ ነው። ዕቃው አንድ፣ ሬሾው አንድ፣ ልዩነቱ አምስት እጥፍ። የተቃራኒ ቡድን ሮቦት ክንዱን ይዞ ሞተሩ ሲቆም ደግሞ ሁለቱም ቁጥሮች አራት እጥፍ ይሆናሉ። ሞተሩ ሥር 150፣ ክንዱ ሥር 750 ኒውተን አካባቢ። 750 ኒውተን ማለት 76 ኪሎ የሚመዝን ሰው ቺንጋው ላይ ተንጠልጥሎ ማለት ነው። ያኔ ቺንጋው ይዘላል፤ አንድ ጥርስ በዘለለ ቁጥር ኢንኮደሩ (የሞተሩን ዙር የሚቆጥረው) የሚያስበው ቦታና ክንዱ ያለበት ቦታ ይለያያሉ፤ ፕሮግራሚንግ ላይ ያለው ልጅ ኮዱን ሌሊቱን ሙሉ ሲፈትሽ ያድራል። ኮዱ ምንም አልሆነም።

ስለዚህ ቺንጋ ፍጥነት ብዙ፣ ቶርክ ጥቂት በሆነበት በሞተሩ በኩል ይግባ። እዚያ ድምፅ ይቀንሳል፤ ድንገተኛ ምትም ሞተሩ ውስጥ ያለው ፕላኔታሪ ጊር ላይ ሙሉ በሙሉ ከመድረሱ በፊት ትንሽ ይውጣል። ጊር ደግሞ ሸክሙ ዘንድ ይሁን።

ቺንጋውን እንጨርስ። በፑሊዎቹ መካከል 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ቦታ አለን እንበል። የቺንጋው ርዝመት የርቀቱ እጥፍ፣ ሲደመር የሁለቱ ዲያሜትሮች ድምር በ1.57 ተባዝቶ፣ ሲደመር የዲያሜትሮቹ ልዩነት ስኩዌር ለአራት እጥፍ ርቀቱ ተካፍሎ ነው። ዲያሜትሮቹ 31.8 እና 63.7 ስለሆኑ 200 + 150 + 2.5፣ በድምሩ 352.5 ሚሊ ሜትር ይመጣል። እንዲህ ያለ ቺንጋ የለም፤ ቅርቡ 350፣ ማለትም ባለ 70 ጥርስ ነው። ወደ ኋላ ስናሰላ ርቀቱ 98.7 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ላሜራውን በ100 በስቶ ጨርሶ ቺንጋ ፍለጋ ይወጣል። ቺንጋው ይገኝ፣ ከዚያ ይበሳ። በዚህ ርቀት ትንሹ ፑሊ ላይ 8 ሙሉ ጥርስ ይነክሳል። ቢያንስ 6 መንከስ አለበት፤ ከዚያ ካነሰ ሁለቱን ፑሊዎች አራርቁ፣ ወይም ከጀርባ የሚጫን ማስጠጊያ ጨምሩ።

የሞተሩን ማሰሪያ ቀዳዳዎች ክብ አድርጋችሁ አትብሱ። ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሚንሸራተት ሞላላ ቀዳዳ ይሁኑ። ሞላላውን ለመሥራት ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን ትበሱና መካከሉን በሞረድ ታወጣላችሁ። ውጥረቱን ለመፈተሽ የቺንጋውን መካከል በጣት ጫን አድርጉ። ለያንዳንዱ 64 ሚሊ ሜትር ርዝመት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ከገባ ልክ ነው፤ በእኛ ክንድ 1.5 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። እንደ ክራር ጅማት የሚጮህ ቺንጋ ካያችሁ አላሉት፤ ከመጠን በላይ የተወጠረ ቺንጋ ሻፍቱን ያጎብጣል፣ ኩሽኔታውንም ይበላል፤ ሞተሩ ባዶውን ሲዞር ራሱ መሞቅ ይጀምራል።

ጊሩ እንዲህ ይቅር አይልም። ቺንጋ ግማሽ ሚሊ ሜትር ስህተትን በውጥረት ያስተካክላል፤ ጊር ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ስህተት ወይ ድርቅ ብሎ መቆም ወይ ጥርስ መዝለል ነው። የሁለት ጊሮች የመካከል ርቀት ሞጁሉ (የጥርሱ መጠን መለኪያ፤ የጊሩ ዲያሜትር ለጥርሱ ብዛት ሲካፈል) በጥርሶቻቸው ድምር ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል ነው። የእኛን 5 ለ 1 ባለ 18 እና ባለ 90 ጥርስ ጊር በሞጁል 2 ብንሠራው 2 × 108 ÷ 2 = 108 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በፕሪንተር የወጣ ጊር ከሆነ 0.1 ጨምሩበት። አሥራ ስምንትን የመረጥኩት በምክንያት ነው፤ በ20 ዲግሪ በሚያዘነብል የጥርስ ቅርፅ ከ17 ጥርስ በታች ሲወረድ የትንሹ ጊር ጥርስ ከሥሩ መቀጠን ይጀምራል፤ የሚሰበረውም እዚያው ላይ ነው።

ለምን ሞጁል 2? ሞጁል 1 ቢሆን ትልቁ ጊር 92 ሚሊ ሜትር ብቻ ሆኖ ቆንጆ ይመስላል። ሞተሩ ተጨንቆ ሲቆም ግን ጥርሱ ላይ 530 ኒውተን ያህል ያርፋል፤ 15 ሚሊ ሜትር ስፋት ላለው ጥርስ ይህ ከ110 ሜጋ ፓስካል (በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር 110 ኒውተን) በላይ ነው። ፒኤልኤ ፕላስቲክ ከ50 እስከ 60 አካባቢ ይበጠሳል። ሞጁሉን በእጥፍ ስታሳድጉ ሬዲየሱ እጥፍ ስለሚሆን ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል፤ ጥርሱም እጥፍ ስለሚወፍር ጭንቀቱ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ 28 ሜጋ ፓስካል አካባቢ። ዋጋው ቦታ ነው። ትልቁ ጊር ከጫፍ እስከ ጫፍ 184 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ፈርስት ቴክ ቻሌንጅ በሚባለው የተማሪዎች ውድድር ሮቦት ሲጀምር ከ45.7 ሳንቲ ሜትር ኩብ መውጣት ስለማይችል ይህን ቦታ ከመጀመሪያው ንድፍ ጀምሮ መመደብ ያስፈልጋል። ሙሉውን ክብ ማተምም ግድ አይደለም። ክንዱ የሚዞረው 120 ዲግሪ ብቻ ከሆነ የጊሩን 150 ዲግሪ ቁራጭ አትሙ፤ ክብደቱም ሰዓቱም ይቀንሳል።

ጊር የሚሸከመውን ያህል ይገፋል። ጥርሶቹ ያዘነበሉ ስለሆነ ከሚያስተላልፉት ኃይል 36 ከመቶ የሚሆነው ሁለቱን ሻፍቶች ለማራራቅ ይሄዳል። በእኛ ክንድ ሞተሩ ሲቆም 264 ኒውተን ሲተላለፍ 96 ኒውተን ወደ ጎን ይገፋል። ትንሹ ጊር በአንድ በኩል ብቻ በተያዘ ሻፍት ጫፍ ላይ ከተንጠለጠለ ሻፍቱ ይታጠፋል፣ ርቀቱ ይከፈታል፣ ጥርሱ በጫፉ ብቻ ይነክሳል፣ ከዚያ ይላጫል። «ፕላስቲኩ ደካማ ነው» ተብሎ ሦስት ጊዜ ጊር የሚታተምበት ቡድን ብዙ ነው፤ ችግሩ ግን የጠፋው ሁለተኛ ላሜራ ነው። ሁልጊዜ በጊሩ ግራና ቀኝ ላሜራ፣ በሁለቱም ላይ ኩሽኔታ ይኑር። ሁለቱን ላሜራዎች አንድ ላይ አስራችሁ በአንድ ጊዜ ብሷቸው፤ ለየብቻ የተለካ ቀዳዳ በእጅ ትራፓኖ ልክ አይመጣም። በ3 ሚሊ ሜትር ጀምራችሁ አስፉ።

ርቀቱ ልክ መሆኑን ለማየት ከደብተር ወረቀት አንድ ቀጭን ቁራጭ ቀዳችሁ በሁለቱ ጊሮች መካከል አሳልፉት። ወረቀቱ ሳይቀደድ እንደ አኮርዲዮን ተጣጥፎ ከወጣ መልካም ነው። ከተበሳ ጠብቋል፤ እጥፋቱ ሳይታይ ከወጣ ሰፍቷል።

የጊር ሌላው ጣጣ ልቅነት ነው፤ ዞሮ ሲመለስ ጥርሱ እስኪነካ ያለው ባዶ ቦታ። በትልቁ ጊር ላይ 0.2 ሚሊ ሜትር ልቅነት በ90 ሬዲየስ ሲታይ ምንም አይመስልም፤ 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ግን ወደ 0.9 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ የሞተሩ የራሱ ልቅነትም ይጨመርበታል። ክንዱ አናት ላይ ደርሶ ሲንቀጠቀጥ የምታዩት ይህንን ነው። የብስክሌት ከመነዳሪ በስሱ ቀዳችሁ ክንዱን ሁልጊዜ ወደ ላይ እንዲስብ ብታስሩት ጥርሶቹ በአንድ ወገን ተደግፈው ይቀራሉ፤ ሞተሩም ከክብደቱ የተወሰነው ይቀልለታል። እንዲህ ርካሽ የሆነ ነገር የሚያድነው ጣጣ ቀላል አይደለም።

አቅጣጫም አለ። ቺንጋ ሁለቱንም ፑሊ ወደ አንድ ወገን ያዞራል፤ ሁለት ጊሮች ሲነካኩ ግን በተቃራኒው ይዞራሉ። መካከላቸው ሦስተኛ ጊር ብታስገቡ አቅጣጫው ይመለሳል፣ ሬሾው ግን በፍጹም አይለወጥም፤ ያ የመካከሉ ጊር ስንት ጥርስ እንዳለው መጨቃጨቅ ትርፍ ነው።

አሁን ወደ ገበያ። መሀል አዲስ አበባ ላይ ሆኖ ኤችቲዲ 5 ቺንጋ በሚፈለገው ርዝመት ማግኘት ዕድል ይጠይቃል። በቀላሉ የሚገኘው ለሥሪዲ ፕሪንተር የሚመጣው 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጂቲ2 የሚባል ቺንጋ ነው። ለቀላል ነገር፣ ለምሳሌ ለሚንሸራተት መስመር ወይም ለሰርቮ፣ ይሆናል፤ ለክንድ አይሆንም። ጥርሱ ሦስት አራተኛ ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚረዝም ትንሽ ላላ ሲል ይዘላል፤ የኤችቲዲ 5 ጥርስ ግን 2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ምናለሽ ተራ የተበተኑ ፎቶ ኮፒ ማሽኖችና ፕሪንተሮች ውስጥ ጥሩ ጥሩ ቺንጋ ይገኛል። ወጥመዱም እዚያው ነው። ሻጩን «ጋሼ፣ ይሄ ጂቲ2 ነው?» ብትሉት «አዎ ልጄ፣ እሱ ነው» ይላችኋል፤ በቅን ልብ ነው የሚላችሁ። በዓይን አይለይም፤ ብዙዎቹ አሮጌ ማሽኖች የያዙት ግን ኤምኤክስኤል የሚባል ሌላ ዓይነት ነው። ጂቲ2 ከጥርስ እስከ ጥርስ 2 ሚሊ ሜትር፣ ኤምኤክስኤል 2.032 ነው። አሥር ጥርስ በነከሰበት ፑሊ ላይ ስህተቱ ከ0.3 ሚሊ ሜትር ያልፍና ቺንጋው እየተቀመጠበት ሳይሆን እየወጣበት ይሄዳል። መለያው ማስመሪያ ነው። ቺንጋውን ዘርግታችሁ የመጀመሪያውን ጥርስ ዜሮ ብላችሁ እስከ 50 ቁጠሩና ከዜሮው እስከ 50ኛው ለኩ፤ ልክ 100 ሚሊ ሜትር ከሆነ ጂቲ2፣ 101.6 ከሆነ ኤምኤክስኤል ነው። ኤምኤክስኤልም ቢሆን ከፑሊው ጋር አብሮ ከተገኘ ምንም ነውር የለውም፤ ጥንዱን ሳትለያዩ ግዙት።

ሶማሌ ተራ የሚገኘው የመኪና ታይሚንግ ቺንጋ ለእኛ ሞተር በጣም ትልቅና ደረቅ ነው፤ ትንሽ ፑሊ ላይ አይጠመዘዝም። ማንኛውንም ጥርስ ያለው ቺንጋ ደግሞ አጥፋችሁ ኪስ ውስጥ አትክተቱ። ብዙዎቹ በውስጣቸው የመስታወት ክር አላቸው፤ አንዴ ከተቀጨ በውጭ ሳይታወቅ ውድድር ላይ ይበጠሳል። ልብስ ስፌት መኪና ላይ ያለው ክብ ቺንጋ ጥርስ ስለሌለው ይንሸራተታል። ለክንድ ከንቱ ቢሆንም ኳስ ወይም ዕቃ ለሚስብ አፍ ግን ያ መንሸራተት በረከት ነው፤ ዕቃው ሲያንቅ ሞተሩ አይቆምም።

ጊርን በተመለከተ የሬቭ ኩባንያ ጊሮች ሞጁል 0.75፣ የጎቢልዳ ጊሮች 0.8 ናቸው። በእጅ ሲገጣጠሙ የሚነክሱ ይመስላሉ፤ ሲጫኑ ግን እያንቋረሩ ይበላላሉ። ሁለቱን ኪት የቀላቀለ ቡድን ሣጥኖቹን ይለይ። የብረት ጊር ካስፈለገ መርካቶ ዙሪያ ያሉ ቶርኖ ቤቶች መቁረጥ ይችላሉ፤ ከመሄዳችሁ በፊት ግን ሞጁሉን፣ የጥርሱን ብዛትና የሻፍቱን ቀዳዳ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙ። ለአንድ ሞጁል የሚሠራው መቁረጫ በጥርስ ብዛት ተከፋፍሎ በስምንት ቁጥር ስለሚመጣ፣ የእናንተ ቁጥር ከሌላቸው ሁለተኛ ሞጁል አማርጡ። «እንደዚህ ያለ» ብሎ የተሰበረውን ማሳየት ለብስክሌት ጥገና ይሆናል። በፕሌክሲ በሌዘር የተቆረጠ ጊርም አይቻለሁ፤ ለማሳያ ያምራል፣ ሲመታ ግን እንደ ብርጭቆ ይረግፋል።

በፕሪንተር ስትሠሩ ጊሩን አግድም አስተኝታችሁ፣ ግድግዳውን ከ4 እስከ 5 መስመር አድርጋችሁ አትሙት፤ ቁሞ ከታተመ ጥርሱ በንብርብሩ መገጣጠሚያ ይለያል። የፑሊ ክንፍ ከሌለ ቺንጋው ወደ ጎን ይሄድና ይወጣል፤ ቢያንስ አንደኛው ፑሊ በሁለቱም በኩል ክንፍ ይኑረው። የሞተር ሻፍት ላይ በቀጥታ የሚገባውን ትንሽ ጊር በፒኤልኤ አትሥሩት፤ ፒኤልኤ ወደ 60 ዲግሪ ሲደርስ ይለሰልሳል፣ ሞተር ሲጨነቅ ደግሞ እዚያ ለመድረስ ብዙም አይቆይም። ያን አንዱን ብረት ግዙ። ትልቁን ጊር ለማተም ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ መብራት መሀል ላይ ሲጠፋ ሥራው ሁሉ ይበላሻል፣ ፕሪንተሩ ከቆመበት ልቀጥል ቢልም የቀጠለበት ንብርብር ላይ ጊሩ ይሰነጠቃል። ለፕሪንተሩ ዩፒኤስ ከሌለ ቁራጭ ቁራጭ አድርጋችሁ በብሎን ማሰር የተሻለ ነው። ጊር ግራሶ ይወዳል፣ ቺንጋ ግን አይወድም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ከሆኑ መካከላቸው ቀጭን ፕላስቲክ መጋረጃ አድርጉ።

ኳስ የሚወረውር ጎማ ከሆነ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም፤ ቺንጋ ነው። ቶርኩ ትንሽ፣ ፍጥነቱ ትልቅ፣ ልቅነት ጉዳይ አይደለም፤ የፕላስቲክ ጊር በዚያ ፍጥነት ዱቄት ይሆናል። ለክንዱ መጨረሻ ደግሞ ጊሩ ቦታ ካጣ ቁጥር 25 ካቴና አለ፤ ከዓይን እስከ ዓይን 6.35 ሚሊ ሜትር የሆነው። ጠንካራ ነው፣ ግን እየሠራ ይረዝማልና ማጥበቂያ ሳይኖረው አትግጠሙት።

የተሠራው ሁሉ ከታሰረ በኋላ በቋሚ እስክሪብቶ ሦስት መስመር አስምሩ፤ አንዱ ከሻፍቱ ወደ ፑሊው፣ ሁለተኛው ከፑሊው ወደ ቺንጋው፣ ሦስተኛው በሁለቱ ጊሮች መነካኪያ ላይ። ክንዱ መነሻው ላይ ቆሞ፣ ቺንጋውም ተመሳሳይ ጥርስ ላይ ሳለ ነው የሚሰመረው። ከልምምድ በኋላ ክንዱን ወደዚያው መነሻ መልሱና መስመሮቹን እዩ። የመጀመሪያው ከተለያየ ፑሊውን የያዘው ትንሽ ብሎን ሻፍቱ ላይ ተንሸራቷል፤ የሻፍቱ ጠፍጣፋ ጎን ላይ አርፎ እንደሆነ ፈትሹና አጥብቁ። ሁለተኛው ከተለያየ ቺንጋው ዘሏል፤ ሞተሩን ሞላላው ቀዳዳ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገፋ አድርጉት። ሦስተኛው ከተለያየ ጥርስ ተሰብሯል ወይም ላሜራው ተከፍቷል፤ ዱቄቱን ከሥር ፈልጉት።